ታናሽ ይቅደም

እሑድ ጠዋት እምነት የሽንት ቤቱን በር ስትከፍት ወለሉ ላይ የበሬ ሞራ ተንሳፍፎ አገኘች። ነጭ፣ የረጋ፣ መዳፍ የሚያህል ሞራ ነው። ዙሪያውን አረንጓዴ ፈርስ ከቦታል፤ ከሥሩ ደግሞ ከላይ ያሉት ፎቆች ሌሊቱን የለቀቁት ጉድ ሁሉ አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግራውንድ ላይ የሚኖር ሰው የጎረቤቶቹን ሆድ እንደ ሐኪም ያውቃል። ማን ምስር እንደበላ፣ ማን ቁርጥ እንደበላ፣ የማን ልጅ ተቅማጥ እንደያዘው አይሰወረውም፤ ሁሉም መጥቶ የሚያርፈው እሱ ቤት ነው።

«እሙዬ፣ ጨርቅ አምጪ» አለች እናቷ ፈለቀች፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ።

«ጨርቅ ሰልችቶኛል» አለች እምነት። «ባልዲው የት ነው?»

ነገሩ አዲስ አልነበረም። ከብሎካቸው ፊት ለፊት ኮሚናል የሚሉት ቤት አለ፤ ነዋሪው በዓል ሲመጣ በጋራ እንዲያርድበት፣ ድግስ ሲኖርበት እንዲያበስልበት የተሠራ ነው። የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ጋሽ አምባው ይህን ቤት ለአጎታቸው ልጅ አከራዩት። የአጎታቸው ልጅ ሥጋ ቤት ከፈተበት። ደሙም፣ ፈርሱም፣ ሞራውም በግቢው ማንሆል ይወርዳል። ማንሆሉ የተሠራው ለሰው እንጂ ለበሬ አይደለምና ይዘጋል፤ ሲዘጋም መመለሻው በእምነት ሽንት ቤት በኩል ነው። ይህን ለማወቅ እንደ እሷ ኬሚስትሪ መማር አያስፈልግም፤ አፍንጫ ይበቃል።

ወረዳ ሄዳ አመለከተች። «ማኅበራችሁ ይፍታው» አሏት። ማኅበሩ ማለት ጋሽ አምባው ናቸው። ጤና ቁጥጥር ሄደች። «መጥተን እናያለን» አሉ፤ አልመጡም። እናቷ ዕድሜዋን ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ክር ስትቀጥል ኖራ፣ ቆጥባ፣ ዕጣ ወጥቶላት፣ እልል ብላ የገባችበት ቤት ይኸው ነው።

የዚያን ዕለት ደግሞ ግቢው ውስጥ ስብሰባ ነበር። ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነው። አንድ ለአምስት ይባላል፣ ፎረም ይባላል፣ የልማት ሠራዊት ይባላል፤ ሰው ቤቱ ፍሳሽ እየገባበት ስለ ፍሳሽ ሊወያይ ይወጣል። የዕለቱ አጀንዳ «ጽዱ መንደር ለመፍጠር የነዋሪው ሚና» የሚል ነበር። ጋሽ አምባው ነጭ ልብስ ከለበሰ ጠረጴዛ ኋላ ቆመው፣ ከፊታቸው የታሸገ ውሃና የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠው፣ «ጽዳት ከቤት ይጀምራል» እያሉ ነበር እምነት የደረሰችው። ባልዲውን በሁለት እጇ ይዛ በወንበሮቹ መሀል ስታልፍ ሰዉ የጅራፍ ድምፅ እንደሰማ መንጋ ግራና ቀኝ ተከፈለላት።

ጠረጴዛው ላይ፣ ከአበባው አጠገብ፣ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ጋሽ አምባው፣ ከቤት ይጀምራል አሉ አይደል? ይኸው ከቤት ነው ያመጣሁት። የእርስዎ ነው።»

«ምንድነው ይሄ?»

«ሞራ አለው፣ ፈርስ አለው። የቀረውን እርስዎ ይለዩት፤ አከራዩ እርስዎ ነዎት።»

ሰውዬው ወደ ኋላ ሸሹ። ሲሸሹ የጠረጴዛውን ልብስ በጣታቸው ይዘውት ነበርና አብሮ ተሳበ፤ ባልዲውም ተንሻፍፎ፣ ትንሽ ያመነታ መስሎ፣ ሱሪያቸው ላይ ተገለበጠ። ከኋላ ወንበር አንዱ ጎረምሳ «ባለቤቱን አወቀ!» ብሎ ጮኸ። ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ አፍንጫውን ይዞ ሮጠ። ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መጣና እምነትንም ባልዲውንም ወሰደ። እሷ በዋስ ስትወጣ ባልዲው ግን ኤግዚቢት ተብሎ እዚያው ቀረ።

ቃሏን የተቀበላት ሳጅን ክፉ ሰው አልነበረም። «አይዞሽ» አላት። «የሕዝብ ስብሰባ በማወክ ነው የምትከሰሺው። ደንብ መተላለፍ ነው፤ ሰው አልገደልሽ። ወይ ተግሣጽ ነው፣ ወይ መቀጮ ነው፤ ቢከፋ ቢከፋ አጭር እስራት ነው።»

እምነትን ያስፈራት የቅጣቱ ቁመት አልነበረም። ከተመረቀች ወዲህ የሰው ልጅ እያስጠናች ስትንከራተት ቆይታ፣ ገና ባለፈው ወር የመንግሥት የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ፈተና አልፋለች። የቀራት አንድ ነገር ነው፦ ከወንጀል ነፃ ናት የሚል የፖሊስ ማስረጃ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሴትዮ ቀና ሳትል ነው የነገረቻት። «ፍርድ ካለብሽ፣ ትንሽም ትሁን ትልቅ፣ አንቀበልም። ተጠባባቂ ሞልቶናል።»

ስለዚህ ተቀምጣ ሕጉን አነበበች። የወንጀል ሕጉን መጽሐፍ ተውሳ ስታገላብጠው እንደፈራችው አልሆነባትም። ሁለት መከላከያ አገኘች። አንደኛው፣ ባልዲውን ያስቀመጠችው እሷ፣ የደፉት ሰውዬው ራሳቸው ናቸው፤ ይህንንም ሰው ሁሉ አይቷል። ሁለተኛው፣ ያለ ሐሳብ ጥፋት የለም፤ የመጣችው አጀንዳው ስለሆነው ነገር ለማሳየት እንጂ ለማወክ አይደለም። ስለ ጽዳት በተጠራ ስብሰባ ላይ ቆሻሻ ማሳየት ከአጀንዳ ውጪ ነው የሚል ካለ ይምጣ። ይህን ለዳኛው ብትናገር በነፃ እንደምትወጣ አልተጠራጠረችም።

በዚህ መሀል ሽማግሌዎች መጡ።

ሁለት ናቸው። ጋሽ ተሰማ የዕድሩ ዳኛ፣ ዕድሜያቸውን በአቃቂ ባቡር ጣቢያ የጨረሱ፣ ጋቢያቸው ሁልጊዜ የጸዳ፣ በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የሌለ ሰው ናቸው። ኦቦ ዱሬሳ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት መሬት የጤፍ ማሳቸው ነበር፤ አሁን በገዛ ማሳቸው ላይ ዘበኛ ናቸው። ደመወዛቸውን የሚፈርምላቸው ማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩ ማን እንደሆነ ከላይ ተነግሯል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ ጋሽ ተሰማ።

«ውሃው እንኳ ጥሩ አይደለም ጋሼ» አለች እምነት። «ይግቡና ይዩት።»

ከዚያ ደጃፍ አላለፉም። ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰብስበው «እዚሁ እንቀመጥ፣ አየሩ ደስ ይላል» አሉ። ነገርን ከሥሩ ሊያዩ የመጡ ሽማግሌ ሥሩ እንዳይነካቸው ሲጠነቀቁ ማየት ለእምነት ከሞራው የባሰ ነበር። እናቷ ግን እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

«አምባው ክሱን አነሳለሁ ብሏል» አሉ። «ብቻ በእርቅ ይሁን ነው የሚለው። እኔ ቤት ቅዳሜ ትመጫለሽ፣ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ ያልቃል።»

«ምን አጥፍቼ?»

«አጥፊም ባትሆኚ ታናሽ ነሽ።»

«ያጠፉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ይጠይቁኝ።»

«ኢንተለ ኮ» አሉ ኦቦ ዱሬሳ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ቃል ከአፍ ወጥቶ ይሄዳል፤ ሥራ ግን ይቀራል። ሥራሽን አታጪ።»

እናቷ ሌሊቱን አለቀሰች። «ምን አለበት እሙዬ? ቃል ጠጠር ነው ጥርስ የሚሰብረው? እኔስ ለፋብሪካ አለቃ ስንቴ ብያለሁ!» እምነት ይህን ስትሰማ አልሳሳችም፤ ተናደደች። ነገር ግን ሒሳቡ ቀላል መሰላት፤ ክሱ ከተነሳ ፍርድ የለም፣ ፍርድ ከሌለ ማስረጃው ይወጣል፣ ማስረጃው ከወጣ ሥራ አላት፣ ሥራ ካላት እናቷን ይዛ ከዚህ ሽንት ቤት ትወጣለች። አንድ ዓረፍተ ነገር መዋጥ ነው።

ቅዳሜ ሄደች። ጋሽ አምባው አዲስ ሱሪ ለብሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ተሰማ ተነሥተው ስለ ፍቅር፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሰይጣን ብዙ ተናገሩ። ስለ ማንሆሉ አንድም አልተናገሩም። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«እንግዲህ ደንቡ የታወቀ ነው። ታናሽ ይቅደም።»

እምነት ጎንበስ ብላ የጋሽ አምባውን ጉልበት ነካች። ሰውዬው ሽቶ ተነስንሰዋል፤ ከሽቶው ሥር ግን አሁንም የሥጋ ቤቱ ጠረን ነበረባቸው።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ» አሉ ጋሽ አምባው፣ ጸጉሯን እንደ ሕፃን እየዳበሱ።

በደንቡ ቀጥሎ ታላቅ ደግሞ «እኔም ብሆን ሳላጠፋ አልቀርም» ማለት ነበረበት። እምነት አንገቷን እንደደፋች ጠበቀች። ዝም አሉ። ጋሽ ተሰማም ዝምታውን ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት፤ «ሰይጣን ይፈር!» ብለው መረቁ። ኦቦ ዱሬሳ አሜን አሉ። እምነት ቤቷ ገብታ እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ ሽቶው ግን አልለቀቀም።

ክሱ አልተነሳም።

በቀጠሮው ዕለት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጋሽ አምባውን ስታገኛቸው ፈገግ አሉላት። «ልጄ፣ እኔማ ይቅር ብያለሁ። ክሱ ግን የመንግሥት ነው። እኔ መንግሥት ነኝ እንዴ?»

ኮሚናሉን ሲያከራዩ መንግሥት ነበሩ። ስብሰባ ሲጠሩ መንግሥት ነበሩ። ፍርድ ቤት በር ላይ ግን ተራ ሰው ሆኑ። ለምን እንዲህ እንደለፉ እምነት ያን ጊዜ ገባት፤ ፍርድ ካገኛት በኋላ በኮሚናሉ ላይ የምታመለክተው ሁሉ «የሁከተኛ ወሬ» ይሆናል። ከጎናቸው ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። የመጡት ለእርቁ ዋስ ሊሆኑ መሰላት።

የመጡት ሊመሰክሩባት ነበር።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛው ወጣት ነው፤ ጉንፋን ይዞታል፤ በየመሀሉ አፍንጫውን ይጠርጋል። ክሱ ሲነበብ እምነት «ባልዲውን አስቀምጫለሁ፤ አላወክሁም፣ አልደፋሁም» አለች። ዳኛው «ክዳለች» ብሎ መዘገበ። ጋሽ አምባው ስለ ሱሪያቸው መሰከሩ። የጠረጴዛውን ልብስ ማን እንደሳበው ስትጠይቃቸው «በድንጋጤ ላይ ነበርኩ፣ አላስታውስም» አሉ። ከነዋሪው ሊመሰክርላት ቃል የገባው ጎረምሳ አልመጣም፤ ስልኩም ዝግ ነበር።

ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ጋሽ ተሰማን አስማለ። «ተከሳሿ በእርስዎ ፊት ስለ ድርጊቱ ምን ብላለች?»

«አጥፍቻለሁ ብላለች።»

«በራሷ ፈቃድ?»

«በፈቃዷ። ያስገደዳት የለም።»

እምነት ጆሮዋን አላመነችም። መስቀለኛ ጥያቄ የማቅረብ መብት እንዳላት ዳኛው ሲነግራት ተነሣች።

«ጋሽ ተሰማ፣ ስብሰባው ላይ ነበሩ?»

«አልነበርኩም።»

«ባልዲውን ስደፋ አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ማጥፋቴን በምን አወቁ?»

«አንቺው ነገርሽን።»

«አጥፍቻለሁ ከማለቴ በፊት እርስዎ ምን አሉኝ?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ታናሽ ይቅደም አልኩ።»

«አጥፊ ይቅደም አላሉም?»

«ታናሽ ነው ያልኩት። ደንብ ነው።»

«ስለዚህ ያልኩትን ያልኩት ታናሽ ስለሆንኩ ነው እንጂ ስላጠፋሁ አይደለም።»

ዳኛው መሀረቡን ከአፍንጫው አነሳ። ጋሽ ተሰማ «አዎ» ቢሉ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ ፊታቸው ላይ ይታያል። ግን «አዎ» ካሉ ያስታረቋቸው ባልና ሚስቶች ሁሉ፣ ጉልበት የሳሙ ታናሾች ሁሉ፣ አፋቸው እንጂ ልባቸው አልታረቀም ማለት ነው። ልጅቷንና ስማቸውን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ለአፍታ አዩ።

«በእኔ ፊት፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ሐሰት ተነግሮ አያውቅም» አሉ። «አጥፍቻለሁ ያለ አጥፍቷል።»

ኦቦ ዱሬሳ ተተኩ።

«አጥፍቻለሁ ብላለች ወይስ አላለችም?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«ብላለች። ግን…»

«የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ።»

እምነት ተነሥታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ኦቦ ዱሬሳ፣ ግን ብለው ምን ሊሉ ነበር?»

ሽማግሌው በመጀመሪያ ጋሽ ተሰማን አዩ። ቀጥለው ከኋላ የተቀመጡትን ጋሽ አምባውን አዩ።

«ረሳሁት» አሉ።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። እነዚህ ግን ጅቡን መንገድ መርተው ያመጡት ናቸው፣ ያውም አሜን እያሉ።

ዳኛው ብዙም አልቆየ። ባልዲውን ማምጣቷን ራሷ አምናለች፤ ጥፋቷን ደግሞ በሽማግሌዎች ፊት በፈቃዷ ተናዝዛለች፤ ጥፋተኛ ናት አለ። ላቦራቶሪው፣ ማስረጃው፣ ደመወዙ፣ ከግራውንድ መውጣቱ፣ ሁሉም በዚያች ቃል ተዘጋ። ከኋላዋ እናቷ ስትቃትት ሰማች።

«ቅጣት ከመወሰኑ በፊት» አለ ዳኛው አፍንጫውን እየጠረገ፣ «የምትዪው ካለ። ቀድሞ የተመዘገበ ጥፋት የለብሽም። ጸጸትሽን ገልጸሽ እዚሁ የግል ተበዳዩን ይቅርታ ብትጠይቂ ፍርድ ቤቱ በተግሣጽ ሊያልፈው ይችላል።»

ጋሽ አምባው ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ጉልበታቸውን እንኳ ትንሽ ወደ ፊት ያወጡ መሰላት።

እምነት ያንን ጉልበት አየችው።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለች፣ «ይቅርታ አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር፤ ማስረጃ ሆኖ ቀረበብኝ። ሁለተኛውን ምን ሊያደርጉት እንደሚፈልጉ አላውቅምና አልሰጥም።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ዳኛው ግን አልሳቀም። አምስት ቀን እስራት ጻፈ።

በጣቢያው ማረፊያ ክፍል የመጀመሪያውን ጠዋት ስትነሣ ወደ ሽንት ቤት አፍንጫዋን ይዛ ገባች። ውሃ ለቀቀች። ውሃው ወረደ፤ ሄደ፤ አልተመለሰም። እምነት ወለሉን አየችው። ደረቅ ነበር። ከቤቷ ይልቅ የመንግሥት እስር ቤት እንደሚሻል ማወቅ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ብቻዋን ሆና ትንሽ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ መሳቋ አስጠላት።

በማግሥቱ እናቷ ምሳ ይዛ መጣች። ጋሽ ተሰማ ከኋላዋ አሉ። ኮንስታብሉ ሳህኑን እየፈተሸ ሳለ ሽማግሌው ወደ ፍርግርጉ ተጠጉ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንቅልፍ አጣሁ ልጄ። አጥፍቻለሁ። ይቅር በይኝ።»

እምነት ትክ ብላ አየቻቸው። ችሎት ላይ እንደ ደወል የጠራ ድምፅ የነበራቸው ሰው፣ እዚህ የአንድ ኮንስታብል ጆሮ ፈርተው ያንሾካሽካሉ።

«ኮንስታብል!» ብላ ጮኸች። «ሰምተሃል?»

«ምኑን?» አለ ኮንስታብሉ፣ እንጀራውን በጣቱ ገለጥ እንዳደረገ።

«ጋሽ ተሰማ አጥፍቻለሁ ብለዋል። በፈቃዳቸው ነው፤ ያስገደዳቸው የለም። ስምህን ንገረኝ፣ ምስክር ትሆነኛለህ።»

«ኧረ እሙዬ! ትልቅ ሰው…» አለች እናቷ።

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። «እርቅ ላይ እንዲህ አይባልም» አሉ።

«አዎ» አለች እምነት። «አይባልም።»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ከበሩ ሲደርሱ ከሳጅኑ ጋር ሊጋጩ ምንም አልቀራቸውም። ሳጅኑ አንድ ነገር በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ፊቱን አዙሮ እየመጣ ነበር። ባልዲው ነው። ከሥሩ ሞራው ደርቆ ተጣብቋል።

«እናት፣ ጉዳዩ አልቋል፤ በፈጠራችሁ ኤግዚቢታችሁን ውሰዱልን» አለ። «ክፍሉን አገማው።»

ፈለቀች ተቀበለችው። ሽታው የማይለያት ነገር ስለሆነ ፊቷን እንኳ አላዞረችም። «ሽንት ቤቱ ዛሬም ሞልቶ ነው ያደረው» አለች ለልጇ፣ በቀስታ። «እንግዲህ እዚሁ ቧንቧ ላይ አጥቤው ልሂድ።»

እምነት ከእንጀራው ጎረሰች።

«እሑድ ስብሰባ አለ?» አለች።

«አለ ይላሉ።»

«እንዳታጥቢው።»